የእትዬ ወሰንየለሽ አውራ በግ

እትዬ ወሰንየለሽ ባለፈው ሰኔ ዐረፉ። የበግ አርቢዎች ማኅበራችን መዝገብ ያዥ እኔ ነኝ፤ ስማቸውን ከመዝገቡ ለመሰረዝ እስካሁን እጄ አልታዘዘኝም። በቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ዋናውን ነገር ስለዘለለው እዚህ ጽፌዋለሁ።

በ1959 ዓ.ም. ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለች መንደር ተወለዱ። በዚያው ሳምንት የአባታቸው በጎች በበሽታ አለቁና ሕፃኗ “ገደ ቢስ” ተባለች። ካደጉም በኋላ ማለዳ መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው ከጉዞው ይመለስ ነበር። በበጎቹ ጉረኖ በር የሚያሳልፋቸው ጎረቤት አልነበረም። “ዕጣ ክፍልሽ ነው” ይሏቸው ነበር።

በአርባ ዓመታቸው እናቷ የሞተችባትን፣ ሰው አትድንም ብሎ የተዋትን አንዲት ግልገል ወሰዱ። ከእሷ መንጋ ወጣ።

በ2013 ጥር ማኅበሩ ለመንደሩ በጎች ሁሉ አባት የሚሆን አውራ ሊመርጥ ተሰበሰበ። ያልተመረጠው ይኮላሻል። ሚዛን ላይ የእትዬ ወሰንየለሽ በግ ሁሉንም በለጠ። ሽማግሌው አቶ ትዕዛዙ ግን ተነሡ።

“የገደ ቢስ ዘር መንጋችን ውስጥ አይገባም። የእሷ ይኮላሽ።”

“ጋሼ ትዕዛዙ፣ እርስዎ ገድ አለዎት አሉ። ዘንድሮ ስንት ግልገል ቀበሩ?” አሉ እትዬ ወሰንየለሽ።

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ የተማርከው፣ እስቲ መዝገቡን አንብብ።”

አነበብኩ። በአራት ዓመት ከአቶ ትዕዛዙ ሠላሳ ግልገሎች ዐሥራ አንዱ ሞተዋል። ከእትዬ ወሰንየለሽ ሃያ ስድስት፣ አንድ።

አቶ ትዕዛዙ ፊታቸውን ወደ እሳቸው መለሱ። “ለካ ገደ መልካም ኖረሻል። እግዜር የጻፈልሽን ሳናውቅ።”

እትዬ ወሰንየለሽ ያን ተቀብለው በጋቸውን ይዘው መሄድ ይችሉ ነበር።

“እሱንም አልፈልግም” አሉ። “ገድ ቢሆንማ ተኝቼ ባረፈድኩ። የወለደችውን ለብቻ አደርጋለሁ። ጉረኖውን በየማለዳው እጠርጋለሁ፣ ደረቅ ሣር እጎዘጉዛለሁ፣ ውርጩ ሳይቀልጥ አላሰማራም። አንተም እንደዚያ ብለህ ጻፍ፤ ገድ የሚል ቃል እንዳላይ።”

እንዳሉት ጻፍኩ። ከዚያ ለምርጫው እጅ ተቆጠረ፤ ሁሉም ለእሳቸው በግ እጁን አነሣ። አቶ ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ አነሡ፣ ግን አነሡ።

ሲበተኑ ሽማግሌው ጠጋ አሏቸው።

“ሣሩን በስንት ቀን ነው የምትቀይሪው?”

“በሦስተኛው ቀን፣ ጋሼ። ሲዘንብ በየቀኑ።”

በቀጣዩ ዓመት ከአቶ ትዕዛዙ ግልገሎች የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። መዝግቤዋለሁ።