እርጥብ ሸራ

ዛሬ ጠዋት መሥሪያ ቤታችን በር ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። የእርጥብ ሸራ፣ የናፍጣና የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ እጄ ሳላዘው ሄዶ ሸራውን ነካ። ሾፌሩ "ምን ጠፋብሽ?" አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ላንተ ግን ልንገርህ፤ ቁጭ ብዬ ማውራት ባይሆንልኝም።

እኛ ሸዋ ሮቢት ጎርፍ የሚመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ ደብረ ሲና ገደሉ ላይ ነው፤ ቆላው በሙቀት ሲነድ፣ አሸዋ ብቻ የነበረው ወንዝ ድንገት ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይደርሳል። የአባቴ የማሾ ማሳ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ድልድይ ያኔ የለም። እናቴ አስፋልቱ ዳር ሽንኩርት ስትሸጥ፣ እኔ ከላይ የወረደ መኪና በቆመ ቁጥር ሸራውን እዳስሳለሁ። ፀሐይ ብቻ ያገኘው እጅ ይፈጃል፤ ዝናብ የነካው ቀዝቅዞ ይከብዳል። ከረጠበ ወንዙ ይመጣል ማለት ነውና ሮጬ ለአባቴ እነግረዋለሁ፤ እሱም ውሃው እስኪያልፍ ማዶ ይቆያል።

አንድ የረመዳን ቀን ከሰዓት በኋላ መኪና የሚባል ነገር ጠፋ። ደረቅም እርጥብም የለም፤ መንገዱ ጭር አለ። እናቴ "ተቀመጪ እስቲ፣ ይመጣል" ትለኛለች፤ የት ልቀመጥ? ቀና ስል ተራራው በጉም ተሸፍኗል፤ በክረምት መች ተገልጦ ያውቃል? ስልክ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ቢገኝስ ደብረ ሲና ማን ጋ ይደወላል? ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ አባቴ ለማፍጠር መሻገሩ አይቀርም። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ቢሆንስ ብዬ ሮጥኩ።

ስደርስ ሽርጡን ሰብስቦ ሊወርድ ነበር። "አባ፣ እንዳትሻገር" ብዬ ጮህኩ።

"እርጥብ ነው?" አለኝ ከማዶ።

"መኪና የለም።"

ትንሽ አሰበና አሸዋው ዳር ቁጭ አለ። አዛን ሲሰማ ኮዳው ውስጥ በተረፈችው ውሃ አፈጠረ፤ እኔም ሆዴ እየጮኸ ከወዲህ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ከወንዙ ሳልነቅል "ና፣ በቃ ና" እለው ነበር በልቤ፤ ጎርፉን። ውሸታም እንዳልባል ብዬ።

አልመጣም። ሲጨልም ጎረቤታችን ባትሪ ይዞ መጣና ነገሩን ነገረን፤ ቁልቁለቱ ላይ ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገድ ዘግቶ ነው እንጂ ላይ ጠብም አላለም። አባቴ ጫማው ሳይረጥብ ተሻገረ። ጎረቤቱ መንገዱን ሙሉ "የልጅህ ጎርፍ ወዴት ገባ?" እያለ ሲስቅብን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በማግስቱ አባቴ ወደ ማሳው ሲሄድ ግን እኔ ጋ ጎራ ብሎ "ከሰዓት ነይ እንግዲህ፤ አንቺን ሳላይ አልሻገርም" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ያ ፍርሃት እስከ ዛሬ አላስቀመጠኝም።

አሁን ሥራዬ የአየር ትንበያ ምርምር ነው። ኮምፒውተሩ ትንበያውን ሲያሰላ ካርታው ላይ ያንን ገደል ደልድሎ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አንድ ሜዳ ያደርጋቸዋል፤ እኔ ገደሉን ወደ ቦታው ለመመለስ ስታገል ዓመታት አለፉ። ስንስት ሰው "ይዘንባል አላችሁ፣ የታለ ዝናቡ?" ብሎ ይቀልዳል፤ አብሬ እስቃለሁ። ግን በማግስቱ ተመልሶ የሚያምነን አንድ ገበሬ አይጠፋም፤ እሱን ሳስብ ከወንበሬ እነሳለሁ። ባልደረቦቼ "ወንበሩ ምን አደረገሽ?" ይሉኛል።

ባለፈው ክረምት መሣሪያ ጭነን ወደዚያው ወረድን። ደብረ ሲና ላይ ዝናቡ ሲወርድብን ቆይቶ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ፀሐይ ነው። ማሳው ከተሸጠ፣ ወንዙም ድልድይ ካገኘ ቆይቷል። አባቴ አርጅቷል፤ መርሳት ጀምሯል ብለውኝ ነበር፤ ይህን ያህል ግን አልመሰለኝም። ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሰላምታዬን መለሰልኝና አልፎኝ ወደ መኪናው ሄደ፤ መሣሪያውን የሸፈነው ሸራ ላይ መዳፉን አሳረፈ።

"እርጥብ ነው" አለ ለራሱ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አባቴ፣ አንቱ አለኝ።

"ልጄን ካገኟት ንገሩልኝ፤ እንዳትሰጋ። ዛሬ አልሻገርም።"

"እሺ አባ" አልኩት፤ "እነግራታለሁ።"