የአዳነ ብርጭቆ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በኋላ ላገባሁት ባሌም ለቄሱም አልነገርኩ። አሁን ግን ዕድሜዬ ገፋ፤ ይዤው መሞት ፈራሁ። ስሙኝና ፍረዱ፤ ለማጽናናት ብላችሁ ግን «ምን ታደርጊ ኖሯል» አትበሉኝ። የማደርገውን አሳምሬ አውቅ ነበር።

በፈረንጅ ሰማንያ አምስት ነው፣ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ። ከሱዳን ከመጣን ገና ወራት ነው። እኔና ይታይሽ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር ቤት ተሰጠን። ይታይሽ የአጎቴ ልጅ የአዳነ ሚስት ናት። እርጉዝ ስለነበረች እሷን አስቀድሞ ሰደዳትና «እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ» ብሎ ሱዳን ቀረ። እኔ እዚህ አገር ከእሷ በቀር ሰው የለኝም። የምበላውም የምስቀውም እሷ ቤት ነበር።

ሴት ልጅ በወለደች በሳምንቱ፣ ገዴራ ከተማ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ያገራችን ሰው አገኘኝ። ስሞኝ ሲያበቃ እጄን አለቀቀም።

«አዳነን እኔ ነኝ የቀበርኩት» አለኝ። «አንቺ ዘመዱ ነሽ። ሚስቱ አሁን አራስ ናት። ሰማንያ ቀኗን ስትጨርስ ሰው ሰብስበሽ መርዶውን አርጂያት።»

«ቤሰደር» አልኩት፤ በዕብራይስጥ «እሺ» ማለት ነው። ቃሏን ገና መማሬ ነበር፤ ለምን ለምን እንደምትባል እንኳ አላውቅም።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም፤ አራስ መርዶ አይነገራትም። ሰማንያው ሲሞላስ? በዓል መጣ አልኩ። በዓሉ ሲያልፍስ? ሕፃኗ አተኮሳት አልኩ። ያቭነ ከተማ የሚኖር ወንድም አላት፤ ባሏ መሞቱን ከሰማች ወደዚያ እንደሚወስዳት አውቃለሁ። እኔ ባዶ ቤት ልቀር ነው። ይኸው ነው ምክንያቴ። ሌላ የለኝም።

በዚህ መሀል ይታይሽ ጠጅ ጣለች። አዳነ ሲመጣ በጠጅ እቀበለዋለሁ ብላ። ጌሾ ከየት ይምጣ? «ጌሾ የሌለው ጠጅ ብርዝ ነው» ብዬ ብስቅባት፣ ታች ፎቅ ያለችው ሞሮኳዊት ጎረቤታችን ለጣፋጭ የምታደርገውን ጽጌረዳ አሳየቻት። ከሕንፃው አጥር ለቅማ፣ አጥባ፣ ማርና ውኃ ላይ ጨመረችው። ወይራ ይነከርበት የነበረ የላስቲክ በርሜል ውስጥ ከድና መታጠቢያ ቤት አስቀመጠችው። ሲፈላ ድምፅ ነበረው፤ ከሥር ሰው የሚያጉረመርም ይመስላል። ክዳኑን ስከፍት አበባው ቀለሙን ጨርሶ፣ ነጭ ሆኖ ይንሳፈፋል። እጄን ለመታጠብ እንኳ እዚያ መግባት እየከበደኝ ሄደ።

ዓርብ ዓርብ አንድ ብርጭቆ ትቀዳና መንገዱን በሚያየው መስኮት ላይ ታስቀምጣለች። «የመንገደኛ ድርሻ ነው» ትላለች። ሰንበት ሲወጣ እንደ ሞላ ታነሣዋለች። ብርጭቆዎቹን የሰጠቻት ሞሮኳዊቷ ናት፤ አፋቸው ሰፊ፣ ወፍራም ነገሮች። እኔ ገዴራ ሰው ቤት አጸዳ ነበርና፣ አንድ ቀን እመቤቲቱ ልክ እንደዚያው ባለ ብርጭቆ ሻማ አበራች። ለሞተ ወንድሟ። «ነር ነሻማ ይባላል፤ የነፍስ መብራት ነው። ሲያልቅ ብርጭቆውን አጥበን እንጠጣበታለን» አለችኝ። ይታይሽ ለባሏ በሙት ብርጭቆ ነው የምትቀዳለት! ይህንንም ዋጥኩት።

እየቆየች ግን ጠረጠረች። «የደበቃችሁኝ ነገር አለ?» ማለት አመጣች። ወንድሟ እሑድ መጥቶ ሊወስዳት ሆነ። ያን ሰንበት ጠዋት እሷ ጓዳ ልጇን ስታጠባ፣ እኔ መስኮቱ ዘንድ ሄድኩ። የመምጫው ምልክት መስሏት እንድትቆይ ብዬ የአዳነን ብርጭቆ አነሣሁ። ጠጣሁት። እስከ አተላው ጠጣሁት። እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ሰይጣን አልገፋኝም።

ወጥታ ባዶውን አየች። ጠጋ ብላ ሳመችኝና «መጥቶ ጠጥቶ ሄደ ማለት ነው» አለች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ለእኔ ደስታ መሰለኝ። ወንድሟን «አልሄድም» ብላ መለሰችው። ጠጁ ባለቀ ቁጥር እንደገና ትጥላለች፤ እኔም ሰንበት በመጣ ቁጥር ጠጣሁ። ሁለት ዓመት የሙት ድርሻ ጠጣሁ።

ከዚያ ታመምኩ። ሳምንት ሙሉ ሐኪም ቤት ተኛሁ። ተሽሎኝ እንደ ተመለስኩ በቀጥታ እሷ ቤት ገባሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ብርጭቆ ባዶ ነው። አጠገቡ ያልበራ ሻማ ተቀምጧል።

«ይህ የምን ብርጭቆ እንደሆነ ጎረቤቴ ነገረችኝ» አለች ይታይሽ።

እሷው ቀጠለች፦

«ስለ አዳነ ግን ማንም አልነገረኝም። ያን ጊዜ ስስምሽ አፍሽ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ሸተተኝ። የደኅና ሰው ድርሻ ተሰርቆ አይጠጣም፤ ያን ቀን አወቅሁ። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ መርዶ ከዘመድ አፍ ካልወጣ እንዴት ልቅሶ እቀመጣለሁ? ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ እቀዳልሽ ነበር።»

«በታመምኩበት ሳምንትስ ማን ጠጣው?» አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የጠየቅሁት ይህንን ነው።

«ከሐኪም ቤት ለሰንበት ፈቅደውልሽ መጥተሽ የሄድሽ መስሎኝ ነበር እንጂ እኔስ አልነካሁትም» አለች። ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። መታጠቢያ ቤት በርሜሉ ያጉረመርማል። የጽጌረዳው ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር።

ያኔ ተንበርክኬ «አዳነ ሞቷል» አልኳት። ሁለት ዓመት ያፈነችውን ጩኸት ለቀቀችው። ሕንፃው ሁሉ ወጣ።

ሰባቱን ቀን አብሬያት ተቀመጥኩ። ለቀስተኛ ከያቭነ፣ ከገዴራ በአውቶቡስ ይጎርፋል። የሚገባው ሁሉ «መርዶውን መቼ ሰማሽ?» ይላታል። እሷም ቀና ብላ ሳታየኝ «ትናንት» ትላለች፣ «ከትናንት ወዲያ» ትላለች። ወንድሟ ፊት እንኳ ሸፈነችኝ። በኋላም ያቭነ ገብታ ኖራ እስክትሞት አንድ ቀን አላነሣችብኝም።

ያን ሳምንት ማን እንደጠጣው አላውቅም። አዳነ ከሆነ የራሱን ነው የጠጣው። እኔ ግን ይቅርታ በምን አፌ ልለምን? ሴትዮዋ ባሏን ሁለት ዓመት ሳታለቅስለት አስቀመጥኳት፤ ያውም ብቻዬን ላለመቅረት። ያወቀችው ትናንት አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ብርጭቆ ጀምሮ ነበር። ውሸቷ የእኔ ነው፤ ዛሬ ከላይዋ አነሣሁላት።