ንቡ የወጣ ዕለት

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ክፍል ተከራይቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ከባሌ ተፋትቻለሁ፤ ልጅ የለኝም፤ ያለኝ የስፌት መኪናና ምላሴ ነው። አባቴ ክረምቱ ሲገባ ሞተ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ እናቴ ድብ ባሕር አጠገብ ባለው የገጠር ቤታችን ብቻዋን ቀረች፤ እኔም መንገዱ ሲደርቅ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ላመጣት ሄድኩ።

ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። አልጋ አዘጋጅቼላታለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከክፍሌ አይርቅም፤ ጎረቤቶቼም ደጎች ናቸው። ይህን ሁሉ ዕቃውን እንደሚያሞግስ ነጋዴ ዘረዘርኩላት። እሷ ጥጥ እየፈተለች ሰማችኝና፣

«ያባትሽ ንብ ሳለ ይህን ቤት አልለቅም» አለች።

«ንብ ሰው ነው እንዴ፣ እማ? ጎረቤት አይጠብቀውም?»

«ጌታው ሞቶበት አዝኗል። እኔም ደግሞ ጥየው ልሂድ?»

ከንብ ጋር ተፎካካሪ ሆኜ ቀረሁ። ቀፎው ከቤቱ ጀርባ ነው ያለው። አባቴ በሕይወት ሳለ ማንንም አያስነካም ነበርና እኔና እናቴ የምናውቀው ማሩን ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ንቦቹ ቀፎው አፍ ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥለው ይውሉ ነበር። እናቴ ማለዳ ማለዳ ሄዳ ታያቸዋለች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ በሆዴ «ምነው በሄዳችሁ» እላለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወጡ። ጆንያው እንደ ተቀደደ እህል ከቀፎው ይፈሱ ጀመር፤ ወዲያው ግቢውን ሞሉት። አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይሽከረከራል፤ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ሲጋጭ አላየሁም። እኔ ቅዳሜ ገበያ ስንቱን በክርኔ ገፍቼ፣ ስንቱ ሰድቦኝ እንደማልፍ ትዝ አለኝና ገረመኝ።

እናቴ ነጠላዋን አገልድማ አፈር መበተን ያዘች። ንብ ሲወጣ አፈር ከተበተነበት ዝናብ ይመስለውና ቅርብ ያርፋል ይባላል። ባለቤቱ እየተከተለ ዓይኑን ከላዩ እስካላነሳ ድረስም ንቡ የሱ ነው፤ የማንንም አጥር ቢዘል የሚከለክለው የለም።

«ምነው ቆምሽ? በትኝ እንጂ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ራሴን ያላወቅኩት። ንቡ ቢሄድ እናቴን ይዣት እሄዳለሁ፤ የምፈልገውም ይህንኑ ነበር። እጄ ግን አፈር ይዘግናል። የጎረቤት ባቄላ እየረገጥኩ እሮጣለሁ፤ «እረፉ፣ እባካችሁ እረፉ» እላለሁ። ለማን እንደማግዝ ግራ ገባኝ።

አንድ ወይራ ላይ አረፉ። ቅርንጫፉን ከበው፣ እርስ በርስ ተያይዘው ተንጠለጠሉ። አያ ብቻ እያልን የምንጠራው ሽማግሌ ጎረቤታችን ጩኸታችንን ሰምቶ መጣ። የአባቴ ወዳጅ ስለነበር ንብ አውቃለሁ ይላል። ባዶ ቀፎ አጥኖ፣ በጠጅ ሳር አሽቶ አመጣ።

«አውራው ከተያዘ መንጋው የትም አይሄድ» አለ። «በክር አስሬ እቀፎው ውስጥ አኖረዋለሁ፤ እነሱ ተከትለው ይገባሉ።»

ባገራችን እንዲህ ይደረጋል። መላ የጠፋውን ሰውስ «አውራ እንደሌለው ንብ» እንል የለም? አያ ዛፉ ላይ ወጣና እጁን መንጋው ውስጥ ከቶ ሲፈልግ ቆይቶ፣ ትልቅ ወፍራም ንብ ይዞ ወረደ። እናቴ በፈተለችው ክር አስሮ ቀፎው ውስጥ አኖረው። እናቴ በደስታ አለቀሰች። እኔ የምስቀውም የማለቅሰውም ጠፋኝ።

ቀፎውን ከዛፉ ሥር አድርገን ተቀመጥን። ልብስ ሰፊ ነኝና ዓይኔ ከጥቃቅን ነገር አይነቀልም። ከመንጋው አንዳንዶቹ ይነሡና ከማሳው ማዶ ወዳለው ገደል ሄደው ይመለሳሉ፤ ሲመለሱም ጓደኞቻቸው ላይ እየተራመዱ ይንቀጠቀጣሉ። ሌሎች ደግሞ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ዛፎች ሄደው ይመጡና እንደዚያው ያደርጋሉ። የሚከራከሩ መሰለኝ። ቆይቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚመላለሱት እያነሱ ሄዱ። ለአያ ብነግረው፣

«ልጄ፣ ንብ ሸንጎ አይቀመጥም። አውራው ታስሯል፤ አርፈሽ ተቀመጭ» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ መንጋው ከቅርንጫፉ ተናደ። እንደገና አየሩን ሞሉት። መጀመሪያ ዝም ብለው ይዞሩ ነበር። ጥቂቶቹ ግን ከሌሎቹ በላይ በኩል ቀጥ ብለው ወደ ገደሉ ይበራሉ፤ ይመለሱና ደግመው ይበራሉ። ከዚያ ያ ሁሉ ንብ ወደዚያው አዘነበለ። ማን ተነሡ አላቸው? ማንስ በየት በኩል አላቸው? አውራው እኮ እግራችን ሥር በክር ታስሮ ይንፈራገጣል። እየሮጥን ገደሉ አፍ ላይ ደርሰን ቆምን፤ እነሱ ተሻገሩ።

ወደ ወይራው ስንመለስ አያ ያሰረውን ንብ ገልብጦ አየና አንገቱን ደፋ። «ድንጉላ ነው» አለ። ማር የማይሠራ፣ መናደፊያ እንኳ የሌለው ወንድ ንብ ነው። ትልቅነቱን አይቶ አለቃ አደረገው። መለስ ብሎ ደግሞ «ምን ያለ ውለታ ቢስ መንጋ ነው» እያለ ንቡን ሰደበ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።

መደሰት ነበረብኝ። የእናቴን ፊት ሳይ ግን አልሆነልኝም፤ የነጠላዋን አፈር አራገፍኩላት። ወደ ቤት ተመለስን። ከቤቱ ጀርባ ስንደርስ አሮጌው ቀፎ ያጉረመርማል። ጠጋ ብዬ ሰማሁ፤ ውስጡ ንብ አለ። ግማሹ ሄዷል፣ ግማሹ ቀርቷል።

«እማ፣ ንቡ እኮ አለ» አልኳት። «ንቡ ሳለ አልለቅም ብለሽ የለም? እንግዲህ ትቀሪያለሽ።» ልወስዳት የመጣሁት እኔ፣ ቅሪ ስላት ራሴን ሰማሁ።

እናቴ ጆሮዋን ቀፎው ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ያባትሽማ ዓይኔ እያየ ሄዱ» አለች። «እነዚህ ያንች ናቸው።»

«ጎንደር እንሂድ ታዲያ።»

«ጎንደር ምን እሠራለሁ? ገዳም ገብቼ ቆብ እደፋለሁ። ካባትሽ ሞት ወዲህ ሳስበው የኖርሁት ይህንኑ ነው፤ የያዘኝ ንቡ ነበር።»

እኔ ያዘጋጀሁት አልጋ በሐሳቧ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም፤ ተናደድኩም፣ አለቀስኩም። ስንቋን ተሸክሜ ገዳሙ በር ድረስ ሸኘኋት። ማሩ እስኪቆረጥ ብዬ ቤቱን ጠበቅኩ፤ ከዚያ ደግሞ እህሉ እስኪሰበሰብ። በመጨረሻ የስፌት መኪናዬ ከጎንደር በጭነት መኪና መጣልኝ።

ከንብ ጋር ስኖር ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ፣ ገብቶኝ ከሆነ። አውራ የምንለው ሴት ናት፤ የሁሉም እናት። እሷም መንጋውን አትመራም፤ ቦታውን አይተው የመጡት ሌላውን ይስባሉ፣ እሷም አብራ ትሄዳለች። መጀመሪያ የሚወጣው መንጋ ይዟት የሚሄደው ደግሞ አሮጊቷን ነው፤ ቤቱ ለልጇ ይቀራል።

በአንድ ፋሲካ ማር ይዤ ገዳም ሄድኩና «ይህን ታውቂ ነበር?» ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

«እኔ የማውቅ ማሩን ነው» ብላ ሳቀች። ጣቷን ነክራ ቀመሰች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያባትሽ ማር ነው» አለች።

ያንች ናቸው ያለችኝ ራሷ ነበረች። የማን እንደሆኑ እኔ ዛሬም አላውቅም፤ ማለዳ ማለዳ ግን ሄጄ አያቸዋለሁ።