በቀይ የተከበበው ባዶ ቦታ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ማኅሌት የብረት ሣጥኔን ስታራግፍ የድሮ የሙዚቃ ደብተሬን አገኘች። ደብረ ታቦር ለመምህርነት ስሠለጥን የያዝኩት ነው። ሽፋኑን አይጥ በልቶታል። ገጾቹን ስታገላብጥ ቆየችና አንዱ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ይህን በቀይ ያከበብሽው ምንድን ነው? ውስጡ እኮ ምንም የለም።»

«ስለሌለ ነው ያከበብኩት» አልኳት።

አልለቀቀችኝም። ነገርኳት። ለእሷ ካወጣሁት አይቀር ልጻፈው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው ጋፋት ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዜማ ያስተምራሉ። ልጅ ሆኜ ከጎናቸው ተቀምጬ የዜማውን መጽሐፍ አይ ነበር። ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ የሚናገሩት ጥቃቅን ምልክቶች የሚቀመጡት ከፊደሉ አናት ላይ ነው። ከፊደል ጎን ምልክት ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የሙዚቃ መምህራችን መምህር አስናቀ «ፋን ሻርፕ አድርገሽ ጻፊ» ብለው ሰሌዳ ላይ ሲያወጡኝ፣ ኖታዋን ከመስመሯ አስቀመጥኩና ድምፅ የሚያነሣውን ምልክት፣ ሻርፗን፣ ከጎኗ መሆን ሲገባው ከአናቷ ላይ ጫንኩባት። እጄ የሚያውቀው እሱን ነው።

መምህር አስናቀ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ በክረምት እንኳ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ ሰው ነበሩ። ሰሌዳውን አዩት።

«አቤት! ይህች ልጅ ሻርፗን አሳረገቻት እኮ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

«አባቷ መሪጌታ ናቸው፣ ቲቸር» አለ አንዱ ከኋላ።

«ለዚህ ነዋ! ስሚ፣ የአባትሽ ሙጭርጭር እዚያው ደጀ ሰላሙ ይቅር። እዚህ በግምት አይዜምም። እዚህ የተጻፈው ነው የሚነበበው። ገባሽ?»

ገብቶኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «አሳራጊዋ» ሆነ። እሱን እችለው ነበር። «ሙጭርጭር» ያሉት ግን አባቴ ቁራሽ እየለመኑ፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ የተማሩትን ነው። አንቱ የምላቸውን መምህር በልቤ «እሱ» አልኩት። በራሱ ትምህርት አሳፍረዋለሁ አልኩ። ጾም ላይ ነበርን፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከከተማ ጋፋት ድረስ በእግር ነው የምንሄደው። በገብሱ ማሳ መሀል ባለው ቀጭን መንገድ ስሄድ ከንፈሬ ዶሬሚ ይላል። በደረቁ ወራት አቧራው ላይ፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ላይ፣ በእንጨት አምስት መስመር አሰምርና ኖታ እጽፋለሁ። ሌሎቹ እሑድ ከሰዓት ጠላ ቤት ሲሄዱ እኔ የተቀቀለ ድንች በጨው እየበላሁ ሻርፕና ፍላት እቆጥራለሁ። ቂም ጥሩ አስጠኚ ነው። አይደክምም።

አንድ ቀን አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጃችን ላይ የጻፍኩትን ረግጠው ሊያልፉ ሲሉ ቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የእነሱ ምልክት ነው፣ አባ። ይህ ሻርፕ ይባላል፤ ድምፁን በግማሽ እርከን ያነሣዋል። ይህ ፍላት ነው፤ በግማሽ ያወርደዋል። ከኖታው በፊት ነው የሚጻፉት።»

«ለምን በፊት?»

«እንጃ።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው አሰቡ። አልከፋቸውም፤ እንዲያውም ደስ አላቸው።

«ደግ ነው። ወንዝ ለሚሻገር ሰው ጥልቁን የምትነግሪው እግሩን ሳያስገባ ነው።»

ከዚያ ወዲያ የምልክቱ ቦታ ጠፍቶኝ አያውቅም። በክፍሉ የሚቀድመኝም ጠፋ። በክፍል የተባልኩትን ግን ለአባቴ አልነገርኳቸውም።

የምንመረቀው በሰኔ ነበር። መምህር አስናቀ ለምረቃው አንድ መዝሙር ደረሱ። ሠልጣኞቹ ቃሉንም ዜማውንም በጆሯቸው አጠኑት። በዋዜማው መምህሩ መዝሙሩን በትልቅ ወረቀት በኖታ ጽፈው አዳራሽ ውስጥ ሰቀሉና ጠሩኝ።

«ነገ እንግዶቹ ፊት ከወረቀቱ እያነበብሽ ኪቦርዱን የምትጫወቺው አንቺ ነሽ።»

ወደ ደብተሬ ስገለብጠው አየሁት። «ሲ» ከምትባለው ኖታ በፊት ፍላት አለ። ቀጥሎ ዜማውን በክፍል በክፍል የሚለየው ቁም መስመር ይመጣል። ከመስመሩ ማዶ ሌላ ሲ አለ፤ ዜማውን እንደማውቀው እሱም ፍላት መሆን ነበረበት፤ ባዶ ነው። እንዲህ መሀል ላይ የሚገባ ፍላት የሚሠራው እስከ ቁም መስመሩ ብቻ እንደሆነ፣ ከመስመሩ በኋላ እንደገና መጻፍ እንዳለበት ያስተማሩን ራሳቸው ናቸው። መዝሙሩን በቃላቸው ስለሚያውቁት ረሱት።

አጠገቤ ቆመው ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቀይ እስክርቢቶ አወጣሁ፤ ባዶውን ቦታ ደብተሬ ላይ አከበብኩት፤ ዘጋሁት።

በማግሥቱ አባቴ ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ ከወላጆች ጋር ፊት ተቀመጡ። መምህር አስናቀ ለእንግዶቹ «ይህች ልጅ ስትመጣ ሻርፕ የት እንደሚጻፍ አታውቅም ነበር» ብለው አሳቁብኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ወረቀቱ ዘረጉ። ተጫወትኩ። እዚያ ቦታ ስደርስ ጥቁሩን ቁልፍ ትቼ ነጩን ተጫንኩ። ድምፁ ዳቦ ውስጥ እንደተገኘ ጠጠር ሆነ። ዘማሪዎቹ ተደነጋገሩ፤ ቆሙ።

«ተሳሳትሽ!» አሉ መምህር አስናቀ።

«አልተሳሳትኩም፣ መምህር። እዚህ በግምት አይዜምም፤ የተጻፈው ነው የሚነበበው ብለውኛል። ከቁም መስመሩ ወዲያ ፍላት አልጻፉም።»

ወደ ወረቀቱ ዞሩ። በቀስታ «ልክ ነሽ» አሉ። ከኋላ አንዱ «አሳራጊዋ አሳረገችው!» አለ፤ ሳቁ በዚህ ጊዜ በእሳቸው ላይ ነበር። ፊታቸው ሲቀላ አየሁ። ጣፈጠኝ። አልዋሽም።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከጭቃው ደረቁን እየመረጡ ከፊት ከፊት ሄዱ። መንገዱን ስናጋምስ ዞር አሉ።

«ስሕተቱን መቼ ነው ያየሽው?»

«ትናንት።»

«ሰውየው የት ነበር?»

«አጠገቤ።»

ቆሙ። «ጥልቁን እያየሽ እግሩን እስኪያስገባ ጠበቅሽው።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሙጭርጭር መባሉንም። ለእርስዎ ብዬ ነው አልኳቸው።

«እኔን የሰደበኝ ሰው የለም። ሰውየው የማያውቀውን ተናገረ። አንቺ ግን ያደረግሽው እያወቅሽ ነው።»

በማግሥቱ ያንኑ ጭቃ ረግጠው ከተማ ሄዱ። መምህር አስናቀን በእኔ ፈንታ ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ላነሣው የፈለግሁት ራስ ለእኔ ብሎ ጎነበሰ። መምህር አስናቀም ቂም አልያዙብኝም፤ ከምረቃው በኋላ ውጤት ሲወጣ ከክፍሉ ከፍተኛውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ውጤት ተቀጠርኩ፣ ልጆቼን አሳደግሁ። ተመስገን። ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ የታዘዝኩትን ስግደት ሰግጃለሁ። ሳስተምር ሻርፕን አናት ላይ የሚጭን ልጅ ሲያጋጥመኝ አልሳቅሁም፤ ጎን ለጎን ተቀምጬ የአባቴን ወንዝ ነገርኩት።

ማኅሌት ሰምታኝ ስታበቃ እስክርቢቶ አመጣች።

«በይ አሁን ፍላቱን ጻፊበትና ይለቅሽ።»

ተቀበልኳት። ጫፉን ክቡ ውስጥ አሳረፍኩት። የመምህር አስናቀ ፊት ሲቀላ ታየኝ፤ ያ ጣዕም ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ምላሴ ላይ መጣ። ቀጥሎ አባቴ ሲጎነበሱ ታዩኝ።

ምንም ሳልጽፍ እስክርቢቶውን መለስኩላት። ለዛሬውም ጣዕም ስግደት አለብኝ።