አያ ይማም ዱላ አላነሱም

አያ ይማም አርፈዋል። መርሳ ከተማ ላለን ሰዎች ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ነገር ግን ያኔ በጦርነቱ ስልኩም መንገዱም ተዘግቶ ስለነበር፣ ወልድያና ውርጌሳ፣ ከዚያም አልፋችሁ ያላችሁ ወዳጆቻቸው ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት ዘግይታችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የተነገራችሁ የእሳቸው ያልሆነ ሞት ነው። ይህን የምጽፈው ለሁላችሁም ነው። እኔ ንጉሤ ነኝ፣ መንገድ ዳር ጎማ የምጠግነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ የጽሑፉን መወላገድ እለፉልኝ።

አያ ይማም የገና ዱላ ሠሪ ነበሩ። እስላም ሆነው ለገና ጨዋታ ዱላ መሥራታቸው የእኛን አገር ሰው አይገርመውም። የሩቅ ሰው ሲጠይቃቸው ግን «እኔ መቼ በዓሉን ሠራሁ፣ ዱላውን ነው እንጂ» ብለው ይስቁ ነበር።

ጨዋታውን ለማያውቅ፣ ሁለት ቡድን ሆኖ ጥንግ የምትባለውን የእንጨት ድቡልቡል ጫፉ በተቆለመመ ዱላ እየመቱ ከባላጋራ ወሰን ማሳለፍ ነው። ዱላ ሠሪ በየገበያው አለ። አያ ይማም ግን ዱላ ከመስጠታቸው በፊት ሰውየውን ያጠኑት ነበር። ደጃቸው ላይ ልስልስ አፈር አለ። ዱላ ፈላጊው እዚያ ቆሞ፣ ጥንግ ሳይኖር፣ በመሞከሪያ ዱላ ሦስት ጊዜ ይመታል። እሳቸው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የሚያዩት አፈሩን ነው። ከዚያ ተነሥተው ዱላው የቧጠጠበትን በጣታቸው ዳሰስ ያደርጋሉ። ከላይ ወደ ታች እየሰደደ መሬት የሚቆፍር አለ፤ ለእሱ የቆልማማው ሥር ሰፋና ከበብ ይላል፣ አፈር ውስጥ እንዳይሰነቀርበት። መሬቱን ዳበስ አድርጎ የሚያልፍም አለ፤ የእሱ ሥሩ ሳሳ ይላል። እጁ ከባድ ለሆነው ወይራ፣ እጁ ለፈጠነው ክትክታ። ቁመቱ በዳሌው አጥንት ይለካል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያሸነፈውን ሰው ዱላ ያይና እሱኑ ካልያዝኩ ይላል።

አንድ ጊዜ ከወልድያ የመጣ የሚኒባስ ሹፌር፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው፣ ተሳፋሪዎቹን መኪና ውስጥ አስቀምጦ ወረደ። እኔም ጎማውን እያየሁለት ነበር።

«አያ ይማም፣ አምና ሦስቴ ያሳለፈው ሰውዬ የያዘውን ዓይነት ይስጡኝ። ረጅሙን፣ ወይራውን።»

«መርሐባ። የሰውየውን ክንድስ ከየት አምጥቼ ልስጥህ?»

«ኧረ እኔ በጉልበት እበልጠዋለሁ!»

«ትበልጠዋለህ እንጂ። ለዚህ እኮ ነው የእሱ ዱላ የማይሆንህ። በል ምታ።»

መታ። አፈሩ ተነሥቶ ሱሪው ላይ ተከመረ። ከመኪናው መስኮት አንዲት ሴትዮ «ሹፌር፣ እኛን በፀሐይ አስቀምጠህ ጉድጓድ ትቆፍራለህ?» ብላ ጮኸች፤ መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። አያ ይማም አልሳቁም። አራት እርምጃ ሄደው ፎጣቸውን መሬት ላይ ዘረጉና ጥንግ ሰጡት።

«እዚህ ላይ አሳርፋት። እንዳታልፍ።»

የመጀመሪያዋ ፎጣውን ዘላ መኪናው ሥር ገባች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋ ጠርዙ ላይ ቆመች። «ሩቅ መምታትህን አገር በሙሉ ያይልሃል» አሉት። «እግርህ ሥር ስትደርስ ምን እንደምታደርጋት ነው እኔ የማየው።» ከዚያም አጠር ያለች፣ ሥሯ የሰፋ፣ ፊቷ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ጥንጓን ከመሬት ቀና የምታደርግ ዱላ አወጡለት።

«ይቺ የከብት መንጃ ናት!»

«ተጫወትባትና መጥተህ ስደበኝ።»

አልሰደባቸውም። ከዚያ ገና በኋላ በደጃቸው ባለፈ ቁጥር ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ሳይነፋ አያልፍም ነበር።

ሌላም ሰው ትዝ ይለኛል። ከጎረቤቱ ጋር በማሳ ድንበር የተጣላ ገበሬ ነው። ጥሉን ሳይናገር የገና ዱላ፣ ጫፏ ከበድ ያለች፣ እፈልጋለሁ ብሎ መጣ። ምታ ሲሉት መታ። አፈሩ ላይ ምንም ምልክት የለም። ድጋሚ መታ፤ አሁንም የለም።

«ጥንጓ የት ላይ ነው ያለችው? ደረትህ ላይ?» አሉት አያ ይማም።

ሰውየው ዱላውን ወደ ታች አወረደ።

«ወላሂ፣ ለዚያ ቁመት የሚሆን እንጨት እኔ ዘንድ የለም። ግባ፣ ምሳ እንብላ።» ምሳ በሉ። ማታውኑ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄደው ሁለቱን ጎረቤታሞች አስታረቁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ለጠብ የሚሆን ዱላ ከእሳቸው ደጅ አልጠየቀም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ የተናደድኩበት ነገር እዚህ ላይ ነው።

የእኔን ደግሞ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት የጭነት መኪና ጎማ ትከሻዬ ላይ ወድቆ ቀኝ እጄ ከፍ ማለት ተወ። ዱላዬን ለሰው ሰጠሁ። አያ ይማም ሰምተው ሱቄ ድረስ መጡ። ሸሚዜን አስወልቀው ክንዴ እስከየት እንደሚሄድ አዩ። በሳምንቱ ከጉልበት በላይ መነሣት የማያስፈልጋት፣ ላባ የምታክል የክትክታ ዱላ አመጡልኝ። «አንተ ከእንግዲህ የቅርብ ሰው ነህ። አብሽር፣ የቅርብ ሰው ይጠፋል እንጂ የሩቅ ሞልቷል።» ስድስት ገና በእሷ ተጫውቻለሁ።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከተማው ወደ ቆላው ሸሸ። አያ ይማም አስም ስለነበረባቸው መሸሽ አልቻሉም። ልጃቸው ዘሀራ አባቴን ጥዬ አልሄድም አለች፤ እኔም ቀረሁ። ታጣቂዎች ግቢያቸው ገቡ። ከጣሪያው ሥር ለዓመታት እየደረቀ የተንጠለጠለውን እንጨት አወረዱና ለወጥ መሥሪያ አነደዱት።

አያ ይማም ምን አደረጉ መሰላችሁ? በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አዩ። አንዱን ታጣቂ ጠርተው ያሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ልጄ፣ ያ ወይራ በቅርቡ የሰቀልኩት ነው፣ ገና እርጥብ ነው፣ ጭሱ ያስቸግራችኋል። ከወዲያ በኩል ያለውን አንድዱ።» ይኸው ነው። ዱላ አላነሱም። ድምፃቸውንም አላነሱም። የሚነድደውን እንጨት ለይተው አሳዩ።

ልጁ አልሰማቸውም። ጭሱ ግቢውን ሞላው፣ ሳሉም ያን ቀን ጀመራቸው። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። በአፍ የምትሳበዋ መድኃኒት አልቃለች። እኔ ወደ አንድ መድኃኒት ሻጭ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጽፍም። ከአያ ይማም ደጅ እስከዚያ ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። በሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ንጉሤ ነኝ፣ ጎማ ጠጋኙ። አያ ይማም ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ያቺን በአፍ የምትሳበውን፣ አንዲት ብቻ።»

«የለም ጋሼ። ሁሉንም ወስደውታል። ይሂዱልኝ፣ ያዩኛል።»

አመንኩና ተመለስኩ። አያ ይማም በሩ አጠገብ ተደግፈው ነበር። አጠገባቸው ስቀመጥ «ንጉሤ፣ ዘወር በል፣ ነፋሱን ያዝከው» አሉኝ። ዘወር አልኩ። ከቀትር በኋላ አረፉ። አምስት ሆነን ቀበርናቸው።

ታጣቂዎቹ ወጥተው አገሩ ሲመለስ፣ አንድም የጭነት መኪና መርሳ ሳይገባ፣ ያ ሰው ሱቁን ከፈተ። ዘሀራ ለጎረቤት መድኃኒት ልትገዛ ገብታ ያቺን በአፍ የምትሳበዋን መደርደሪያው ላይ አየቻት። ከየት መጣች ብትለው በኩራት «ያኔ ቤቴ ደብቄ ባላተርፈው ኖሮ ዛሬ ምን ትገዙ ነበር?» አላት። ምን እንደተናገረ እንኳ አላወቀም።

እግዜር ያውቃል፣ ልምረው ሞክሬአለሁ። ፈርቷል፣ ልጆች አሉት፣ በሩን ቢከፍት ቤቱን ሊዘርፉት ይችሉ ነበር እያልኩ ብዙ ቀን ራሴን መክሬአለሁ። ልቤም እየለዘበ ነበር። ከዚያ ይህ የሰሌዳ ነገር መጣ።

ለሚመጣው ገና ለአያ ይማም መታሰቢያ ውድድር ይደረግ ተባለና ሰው ተሰበሰበ። ያ መድኃኒት ሻጭ ተነሥቶ «አያ ይማም ዱላቸውን ይዘው ብቻቸውን ወጡባቸው፣ እየመቱ ወደቁ» ብሎ ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። በስብሰባው ከእኔና ከዘሀራ በቀር ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው አልነበረም። ዘሀራ አየችኝ። እኔ ዝም አልኩ። ይኸው ጻፍኩት፤ ዝም አልኩ።

ስንወጣ «ጋሽ ንጉሤ፣ አባቴ እንዲህ አልሞተም» አለችኝ።

«ለክብራቸው ብለው ነው ልጄ።»

«ለክብሩ ከሆነ አሟሟቱን ለምን አፈሩበት?»

አሁን በመድኃኒት ሻጩ ወጪ ትልቅ ሰሌዳ ተሥሏል። አያ ይማም ዱላ ከራሳቸው በላይ አንሥተው ቆመዋል፣ ከሥራቸውም የወደቀ ሰው አለ። በሕይወታቸው ሙሉ በዚያ ቁመት ለሚመታ ዱላ ያልሠሩትን ሰው! ባለፈው ሳምንት ሱቁ ሄጄ ይህ ሐሰት ነው አልኩት።

«ጋሽ ንጉሤ፣ ጀግና አደረግናቸው እኮ። ምን ከፋዎት?»

«የሞቱት ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። አንተ ታውቃለህ።»

«እሱ ምን ተብሎ ይጻፋል? አስም የገደለው ሽማግሌ ጠፍቶ ነው? ለልጆቹ ታሪክ ያስፈልጋቸዋል።»

እንዲህ ያለኝ መድኃኒቶቹ ከጀርባው ተደርድረው ነው። ያኔ ገባኝ። አያ ይማም እየተዋጉ ከወደቁ ማንም ስለ ሳላቸው አይጠይቅም። ማንም የትኛው በር ተንኳኳ አይልም። እንጨታቸውን ያነደዱትም፣ መድኃኒቱን የደበቀውም፣ ዝም ያልኩት እኔም ከሰሌዳው ሥር ተሰልፈን እናጨበጭባለን። ፍርሃቱን ብምረው እንኳ ሰሌዳውን አልምረውም። በቁጣ የኖርኩ ሰው አይደለሁም፣ ሚስቴም ትመሰክራለች፤ ይህ ግን እህል አላስወርድ ብሎኛል።

ከእሳቸው እጅ ዱላ የተቀበላችሁ ሁሉ፣ ሹፌሮችም ገበሬዎችም፣ በገና ዕለት ሜዳው ላይ ተገኙልኝ። ሰሌዳው እንዳይሰቀል እጠይቃለሁ። ብቻዬን ከሆንኩ አንድ ያረጀ ሰው ቀባጠረ ይላሉ። እናንተ ካላችሁ ግን ሊሉ አይችሉም፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ታውቃላችሁና።

አያ ይማም፣ ይቅር ይበሉኝ። «የለም» ሲለኝ ማመን አልነበረብኝም። ከዚያ በር ላይ ቆሜ መንደሩ እስኪሰማ መጮኽ ነበረብኝ፤ ጨዋ ሰው ነኝ ብዬ ተመለስኩ። በስብሰባውም ያው ጨዋነቴ አፌን ያዘው። ከእንግዲህ አይዘውም። ሞትዎን አሳንሰው አይተው ሌላ ሞት ሰፉልዎት። እኔ በሞትዎ አላፍርም። ማንንም ሳይመቱ፣ አየር እየፈለጉ፣ በገዛ ደጅዎ ሞቱ፤ መድኃኒትዎም በር ተዘግቶበት ነበር። በገና ዕለት ይህንኑ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ሰውየው ፊት ቆሜ እናገራለሁ። አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ፣ አያ። ደህና ይሁኑ።