«ተኝቼ ነበር» ያሉት ጋሽ ጥሩነህ

በቡሬ አውሮፕላን ማረፊያ ለረጅም ዘመን በሬዲዮ ሠራተኛነት ያገለገሉት አቶ ጥሩነህ ባለፈው ሳምንት በቤታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል ዐርፈዋል። መርዶው የደረሳችሁንም ያልደረሳችሁንም ወዳጆቻቸውን ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናን። እኔ ሥራውን ከእሳቸው የተማርሁ ባልደረባቸው ነኝ። ይህን ስጽፍ እንባዬም ሳቄም አልታዘዝ ብለውኛል፤ ስለ ጋሽ ጥሩነህ በደረቅ ቃል ማውራት ከቶ አይሆንልኝም!

በደርግ ጊዜ ሥራችን እንዲህ ነበር። በሌሊት በላያችን የሚያልፉ አውሮፕላኖች በሬዲዮ ይጠሩናል፤ እኛም የአየሩን ጠባይ እንነግራቸዋለን፣ በመንገዳቸው ሌላ አውሮፕላን ካለም እናስጠነቅቃቸዋለን። አራት ሆነን ሁለት ሁለታችን እናድር ነበር። ሁለቱ ጓደኞቻችን ወደ ጦር ሜዳ ሲወሰዱ ግን ሌሊቱ ለእኔና ለእሳቸው ቀረ፤ አንድ ሌሊት እሳቸው ብቻቸውን፣ አንድ ሌሊት እኔ ብቻዬን። ሰው ይጨመርልን ብንል፣ ለአብዮቱ የማይነቃ ማን አለ ተባልን።

ጋሽ ጥሩነህ ደግሞ ገበሬም ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው በወንፈል ጤፋቸውን አጭደውላቸው ነበርና፣ ብድር የሚመልሱበት ጊዜ ሲደርስ ከሥራ አድረው በዚያው ማጭድ ይዘው ወጡ። ይረፉ ብዬ ብለምናቸው «የሰው ጉልበት በልቼ ልተኛ?» አሉኝ። ከወንፈል የሚቀር ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚባል ስለማውቅ ሸኘኋቸው። እንዲህ እያጨዱ ሰንብተው ነው በተራቸው ሬዲዮው ዘንድ የተቀመጡት።

እዚያው እንቅልፍ ጥሏቸው ኖሮ፣ ሲባንኑ የሰሙት የአብራሪውን የመጨረሻ ጥሪ ነበር። መልሰው ቢጠሩት አውሮፕላኑ ርቋል። በደኅና ማረፉን እስኪሰሙ ድረስ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። አብራሪው ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት ነገሩን ተወው፤ ጋሽ ጥሩነህ ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

በዚያው ሰሞን ፍኖተ ሰላም ላይ ለግለ ሂስ ተሰበሰብን። ግለ ሂስ እያንዳንዱ ሰው ተነሥቶ የገዛ ጥፋቱን የሚናገርበት ነው፤ ታዲያ ሁላችንም የማያስጠይቅ ጥፋት መርጠን ነበር የምንሄድ። አንዱ አረፈድሁ ይላል፣ ሌላው ጋዜጣ አላነበብሁም ይላል። ጋሽ ጥሩነህ ተነሡና «እኔ ተኝቼ ነበር። አውሮፕላን ሲጠራኝ አልሰማሁም» አሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ሰው ያስበላ ነበር።

ሰብሳቢው የቋሪት ሰው ነበር። ይህ አሻጥር ሊባል እንደሚችል ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸው ድምፃቸውን ሳይለውጡ መለሱ፦

«ጓድ ሰብሳቢ፣ እርስዎም የገበሬ ልጅ ነዎት። አባትዎ አንድ በሬ ለብቻው ጠምደው ሲያርሱ አይተዋል? በሬው ቢወድቅስ፣ ጥፋቱ የማን ነው?»

አንድ ሰው ከኋላ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሰብሳቢውም ሳቁን ለመደበቅ አቀረቀረ። ሳቁ ግን አላዳናቸውም፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታገዱ። ባለቤታቸው በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዷቸው የመጡ እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር። ምነው ዝም ባሉ ኖሮ ብዬ ተቆጣኋቸው። ዛሬ እሳቸው ነገሩን ዝም ብለው ቢያልፉት ነገ እኔም ብቻዬን ተቀምጬ እንደምተኛ፣ የሚቀጥለው አውሮፕላንም እንደ ፊተኛው ላይተርፍ እንደሚችል ቀስ አድርገው አስረዱኝ።

ውሳኔው ሲመጣ በደስታ እልል አልሁ! በማስጠንቀቂያ ይመለሱ፣ ሁለት ሠራተኞችም ይጨመሩ፣ ከእንግዲህ ማንም ብቻውን አይደር ተባለ። ጋሽ ጥሩነህም ወንፈልን ወደ ሌሊት ሥራ አመጡት፤ አንዱ ሲነቃ ሌላው ይተኛል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። አዲሶቹ ልጆች መተኛት ሲያፍሩ «በፈቃዱ ያልተኛ ሳይፈቅድ ይተኛል» እያሉ በግድ ያስተኟቸው ነበር። የእሳቸው ማንኮራፋትማ ከአውሮፕላኑ ድምፅ ይበልጥ ነበር፤ እኔ ግን እንደዚያ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም። ተራቸው ሲደርስ ማዳመጫውን ከራሴ ላይ ቀስ አድርገው ያነሡና «ተኚ ልጄ፣ እኔ አለሁ» ይሉኝ ነበር።

ጋሽ ጥሩነህ፣ አንገትዎን ለሌላው እንቅልፍ የሰጡ ደፋር ሰው፣ አፈሩ ይቅለልዎ። ሳይሳቀቁ ይተኙ፤ እኔ አለሁ።