ልጣጭ የሌለው ቤት

ዛሬ ጠዋት ብርቱካን ልጬ ልጣጩን ልጥል ስል የልጅ ልጄ ምሕረት ከእጄ ነጥቃ ባልዲዋ ውስጥ ጨመረችው። ምሕረት ሓድነት ሰፈር ውስጥ ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆች የአትክልት እርሻ ታስተምራለች፤ ከባልዲዋ የሚያመልጥ ነገር የለም፤ እኔም አንድ ቦታ ብዙ ከተቀመጥኩ ብስባሽ እንዳታደርገኝ እሰጋለሁ። ልትወጣ ስትሰናዳ፣ «አቦይ፣ ሦስቱ ተማሪዎቼ ዛሬም ባዶ እጃቸውን ከመጡ አሰናብታቸዋለሁ። ከቤት ልጣጭ ማምጣት ምን ይከብዳል? ስንፍና እኮ ነው!» አለች። ልመልስላት አፌን ስከፍት የብርቱካኑ ሽታ ከጣቶቼ ተነሣና ሰባ ዓመት ያለፈውን ሽማግሌ ባንድ አፍታ የዐሥራ ሦስት ዓመት ቀጣፊ አደረገው።

ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኖ መግቢያው በሚጠፋኝ ቦታ ላይ፣ የሰፈሩ ሰው በጋራ የሚያርሰው መሬት ነበር፤ ከዚያ ላይ አንድ ጥግ እንደኔ ላሉ የድሃ ልጆች እርሻ መማሪያ ተሰጥቶን ነበር። ሠላሳ ነበርን። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ መደብ ተለክቶልናል፤ ያበቀልነውን ወደ ቤታችን እንወስዳለን። ስድስት ልጆች ያለ አባት ለምታሳድገው እናቴ፣ የእኔ መደብ ጎመን የቤቱ ወጥ ነበር። መምህራችን ገብረዝጊ ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ከሰው ጋር ሲያወሩ እንኳ አረም የሚፈልጉ ይመስል ዐይናቸው ከመሬት አይነሣም።

አንድ ሰኞ የብስባሽ ጉድጓድ አስቆፈሩንና «ነገ ሁላችሁም ከቤታችሁ ልጣጭና ትርፍራፊ ይዛችሁ ኑ» አሉን። ቤት ገብቼ ብፈልግ የሚጣል ነገር አጣሁ። ድንቹ ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ከነልጣጩ ይበላል፤ ያለችን አንዲት ዶሮም ብትሆን እኛ ቤት የምትውለው ለወዳጅነት ያህል እንጂ የምትለቅመው ኖሮ አልነበረም። ሌላ ልጅ ቢሆን «የለንም» ይል ነበር፤ እኔ ግን ኩራቴ ከቁመቴ የሚበልጥ ስለነበርኩ ማልጄ መሃል ከተማ ካለ ሆቴል ጓሮ የብርቱካንና የፓፓያ ልጣጭ በጆንያ ሞልቼ መጣሁ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ስዘረግፈው ሽታው አካባቢውን አወደው። «ከቤታችን ነው» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። በሳምንቱ ደግሞ አናናስ ጨመርኩበት፤ አናናስ ምን ምን እንደሚል ያወቅኩት ግን ትዳር ከያዝኩ በኋላ ነው።

መምህር ለብቻዬ ጠሩኝ። «ወደይ፣ ልጄ፣ ይህ ቦታ ለተቸገረ ልጅ ነው። ተራ የሚጠብቁ አሉ። አናናስ ከሚበላበት ቤት የመጣ ልጅ መደቡን ቢለቅላቸው አይሻልም? ነገ እናትህን አነጋግራለሁ።»

ለእናቴ መምህር እንደሚመጡ ብቻ ነገርኳት፤ ምክንያቱን ዋጥኩት። እርሷም ሆዬ ክብር መጣ ብላ ከአንዷ ጎረቤት ወንበር፣ ከአንዷ ባለአበባ የጠረጴዛ ልብስ፣ ከሌላዋ ብርጭቆና ነጭ ዳቦ ተዋሰች። አንድ ዕቃ በበሩ በገባ ቁጥር ጎመኔ በዚያው በር ስትወጣ ትታየኛለች። መምህር ሲደርሱ ቤታችን የሹም ቤት መስሎ ጠበቃቸው። ወንበሩን አዩ፤ እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣራውን አየሁ።

«አደይ፣ የቤታችሁን ልጣጭ የት ነው የምትጥሉት?» አሉ እናቴን በትሕትና።

እናቴ ሞያዋ የተነካ መሰላት። «እንዴ መምህር! ማን ምን ብሎ ነገረዎት? ስድስት ልጅ ሳሳድግ በቤቴ አንዲት የምትጣል ነገር ተገኝታ አታውቅም፤ ጎረቤቱን ይጠይቁ!»

መምህር ዐይናቸውን ከመሬት አንሥተው ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ የተዋስነውን ዳቦ ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝና፣ «እውነትዎን ነው፣ አደይ» ብለው ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

በማግስቱ ሁላችንንም ሰብስበው፣ «ልጣጩ ይቅር፤ አመድ አምጡ። አመድ የሌለው ቤት የለም» አሉ። በነጋታው ሠላሳችንም ከእግር እስከ ራሳችን አመድ ለብሰን መጣን፤ እርስ በርስ እየተያየን በሳቅ ሞትን። ያን ዕለት ነው ሁሉም የተናዘዘው፤ ለካ ግማሾቹ የዚያው ሆቴል ጓሮ ደንበኞች ኖረዋል፤ እኔ ቀድሜያቸው ስለምሄድ ብቻ ነው ምርጥ ምርጡ የደረሰኝ። ጎመኔም ቀጥ ብላ እናቴ ድስት ገባች።

ምሕረት ባልዲዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። «እና አመድ አምጡ ልበላቸው?» አለች። «አቦይ፣ በዚህ ዘመን አመድ ከየት ይመጣል? እኛ ቤት እንኳ የለም እኮ!»

«እኛ ቤት የለም፤ የልጆቹን ቤትስ አይተሻል?» አልኳት።

ባልዲዋን አየች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ባልዲውን እዚያው ትታ ባዶ እጇን ወጣች።

እኔና ባልዲው ቀረን። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ፣ በዚህ ከተማ ልጣጭ የሚጥል ቤት አልነበረም፤ እኛም አልነበረንም፤ እንዴት ቶሎ ረሳነው! መምህርም የሉም፣ መሬቱም የለም፣ ያ ሁሉ ዕቃ የሚያውሱ ጎረቤቶችም የሉም። እናቴ ዛሬ ብትመጣ ግን ከሰላምታ በፊት ባልዲውን አይታ «ወደይ፣ ይህን ሁሉ የሚጥለው ማነው?» እንደምትለኝ ዐውቃለሁ። እኔም እንደ ልማዴ ጣራውን ማየቴ አይቀርም።